ያረጀ የስፖርት ሞተር ፍሬን፦ ማደስ ይሻላል ወይስ መቀየር?

በ1998 የወጣው ያማሃ አር1፣ በዓመቱ የተከተለው አር6፣ በ1996 የወጣው ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር 750፣ ካዋሳኪ ዜድኤክስ-9አር፣ የሆንዳ ሲቢአር ዘሮች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ እነዚህ ሞተሮች አዲስ ሳሉ በሁለት ጣት ሲያዙ የኋላ ጎማቸው ከመሬት ይነሳ ነበር። አሁን ዋጋቸው ወርዷል፣ ብዙ ሰው ይገዛቸዋል። የገዛም ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያወራው ተመሳሳይ ነው፦ መሮጡንስ ይሮጣል፣ ፍሬኑ ግን አይታመንም።

ከዚያ ወደ ገበያ ይኬዳል። ራዲያል ማስተር፣ የሽቦ ቱቦ፣ የውድድር ሸራ፣ ከአዲስ ሞተር የተፈታ ካሊፐር፤ ሁሉም "ፍሬንህን ይቀይረዋል" ተብሎ ይሸጣል። (ማስተር እጀታው ሥር ሆኖ ዘይቱን የሚገፋው ሲሊንደር ነው፤ ካሊፐር ደግሞ ጎማው ጋ ሆኖ በፒስተኖቹ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል።) አንዳንዱ እውነት ነው። ነገር ግን ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ፍሬን የማይዘው በአብዛኛው ሲሠራ ደካማ ስለነበረ አይደለም፤ ማንም ከፍቶ ስላላጠበው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ዕቃን ከዕቃ ሳወዳድር፣ ማደስን ደግሞ ከመግዛት ጋር አብሬ እመዝናለሁ።

ከመግዛት በፊት እጀታውን መስማት

ሞተሩን አቁማችሁ የእጅ ፍሬኑን ጨብጡ። ሁሉም ችግር "ፍሬኑ አይዝም" ቢባልም ዓይነቱ ብዙ ነው፣ መፍትሔውም የተለያየ ነው።

እጀታው ለስላሳ ሆኖ ደጋግማችሁ ስትጨብጡት እየጠነከረ ከመጣ፣ ውስጡ አየር አለ። ጨብጣችሁ እንደያዛችሁት ቀስ እያለ ወደ መሪው የሚወርድ ከሆነ ግን ዘይት የሚያመልጥበት ቦታ አለ። ከላይ እስከ ታች ፈትሹ፤ የትም እርጥበት ካልታየ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) አልቆ ዘይቱ በውስጥ ወደ ኋላ እየሾለከ ነው።

እጀታው ደርቆ፣ በጣም ጠንክሮ፣ ሞተሩ ግን አልቆም ካለ አየር በማውጣት ጊዜ አታጥፉ። ሸራው ተቃጥሎ መስታወት መስሏል፣ ወይም ዘይት ነክቶታል፣ ወይም ከፒስተኖቹ ከፊሉ ተጣብቋል፣ ወይም የቀድሞው ባለቤት ልኩን ያልጠበቀ ትልቅ ማስተር ገጥሞበታል። በእኔ ግምት በዚህ ዕድሜ ባሉ ሞተሮች ላይ ከሁሉም በላይ የሚገጥመው ይህ ጠንካራ እጀታ ነው፤ ሰዎች በጣም የሚሳሳቱበትም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም ጠንካራ እጀታ ጤነኛ ፍሬን ይመስላል።

የመጀመሪያው ጭብጥ ረጅም፣ ወዲያው የሚከተለው ግን ደህና ከሆነ የፊት ጎማውን ኩሽኔታና ዲስኩን እዩ። የላላ ኩሽኔታ ወይም የተጣመመ ዲስክ ጎማው በዞረ ቁጥር ፒስተኖቹን ወደ ውስጥ እየገፋ ይመልሳቸዋል፤ እናንተ ስትጨብጡ መጀመሪያ ያንን ክፍተት ትሞላላችሁ። ፍሬን ስትይዙ ከፊት "ቋ" የሚል ነገር ከተሰማ ደግሞ ጥፋቱ የፍሬኑ ላይሆን ይችላል። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሞተሩን ወደፊትና ወደኋላ ግፉት፣ ሌላ ሰው የመሪውን አንገት በጣቱ ይንካ። እዚያ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ የላላው የመሪው ኩሽኔታ ነው፤ ምንም ዓይነት ሸራ ብትገዙ አይስተካከልም።

የቀረው የማይለቅ ፍሬን ነው። ትንሽ ነድታችሁ ስትመለሱ ዲስኩ ከሚገባው በላይ ከጋለ፣ ጎማውም ተነስቶ በእጅ ሲዞር ከከበደ፣ ፍርዱን የሚሰጥ ቀላል ሙከራ አለ። የካሊፐሩን የአየር ማውጫ ቡሎን በትንሹ ክፈቱት። ጥቂት ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተፈታ፣ ግፊቱ ከላይ ታግቶ ነበር ማለት ነው፤ ጥፋቱ ከማስተሩ ወይም ውስጡ ከደፈነ ቱቦ ነው። ከፍታችሁትም ጎማው ካልተፈታ ፒስተኖቹ ተጣብቀዋል። ይህ ሙከራ ያለ አንዳች ወጪ ከሁለቱ ትልልቅ ሥራዎች አንዱን ያስቀርላችኋል።

ዘይት፦ ዶት 4፣ ዶት 5.1፣ ዶት 5

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ክዳኑ ተዘግቶ እንኳ በጎማ ቱቦዎቹ ግድግዳ በኩል ቀስ በቀስ ውሃ ይገባዋል፣ ውሃ በገባው መጠንም የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት የሚባለው የዘይት መስፈርት ሁለት የመፍያ ሙቀት የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው፦ አንዱ ለደረቅ ዘይት፣ ሌላው 3.7 በመቶ ውሃ ለገባበት። ዶት 3 ቢያንስ 205 እና 140 ዲግሪ፣ ዶት 4 ቢያንስ 230 እና 155፣ ዶት 5.1 ደግሞ ቢያንስ 260 እና 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ።

ከእነዚህ ቁጥሮች ማየት የሚገባው ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ነው፦ ውሃ የጠጣ 5.1 ከአዲስ ዶት 4 ያነሰ ነው። ውድ ዘይት ገዝቶ አምስት ዓመት ከመተው መካከለኛውን ገዝቶ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ይበልጣል። 5.1 ቀጠን ያለ በመሆኑ የሚጠቅመው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ላላቸው ሞተሮች ነው፤ የምናወራባቸው አብዛኞቹ ኤቢኤስ የላቸውም። በመንገድ ላይ ንጹሕ ዶት 4 ከንጹሕ 5.1 በጣት የሚለይ ሰው አላየሁም። የውድድር ሜዳ ላይ ለሚነዳ ግን 5.1 ትርፍ ነገር አይደለም።

ዶት 5 ሌላ ነገር ነው። ስሙ ከ5.1 ቢቀራረብም ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ በግፊት የበለጠ ስለሚጨመቅም እጀታውን ያለሰልሰዋል። ለስፖርት ሞተር አልመክረውም።

የዘይቱ ጉዳይ ነፍስ የሚሆነው ረጅም ቁልቁለት ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ኩርባው ብዙ ስለሆነ እጅ ከፍሬኑ አይነሳም። ውሃ የጠጣ ዘይት ካሊፐር ውስጥ ሲፈላ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ እጀታው ያለ ማስጠንቀቂያ መሪው ድረስ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ለወራት ምንም ያላሳየ ፍሬን እዚያ ሊከዳ ይችላል። በማርሽ መውረድ አንድ ነገር ነው፣ ዘይቱን ቀድሞ መቀየር ግን ከዚያ በላይ ነው።

አየር ሲወጣ ብዙዎች ታች ካሊፐሩ ላይ ብቻ ይሠራሉ። አየር ግን ወደ ላይ ይወጣልና መጨረሻው የሚደበቀው ማስተሩ አጠገብ፣ ቱቦው የሚታሰርበት ቡሎን ሥር ነው። እዚያ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ እጀታውን ጨብጣችሁ ቡሎኑን በጥቂቱ አላሉና መልሳችሁ እሰሩ። ትንንሽ አረፋዎች ካስቸገሩ እጀታውን በላስቲክ ከመሪው ጋር አስራችሁ አሳድሩት። ደረቅ የሆነ አዲስ ማስተር ወይም ካሊፐር ሲገጠም ደግሞ በስሪንጅ ከታች ወደ ላይ ዘይት መግፋት ግማሽ ቀን ያተርፋል። ዘይቱ ቀለም ስለሚበላ የነዳጅ ታንኩን ሸፍኑ።

ቱቦ፦ የጎማ ወይስ የሽቦ

የጎማ ቱቦ ሲያረጅ በግፊት ይነፋል፤ እናንተ በጣታችሁ የላካችሁት ኃይል ካሊፐር ሳይደርስ ከፊሉ ቱቦውን ለማስፋት ይውላል። ሱዙኪ በመመሪያ መጻሕፍቱ የፍሬን ቱቦ በየአራት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክር ነበር። የእናንተ ሞተር ላይ ያለው ከፋብሪካ የወጣበት ከሆነ ከአምስት እጥፍ በላይ ሠርቷል። ብዙ ጊዜ የተመረተበት ቀን በቱቦው ላይ ታትሞ ይገኛል፣ ጠርጋችሁ አንብቡት።

አዲስ የጎማ ቱቦና ውስጡ ቴፍሎን ሆኖ ውጭው በአይዝጌ ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ቢቀርብልኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ብዙም ሳላስብ። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው ቱቦ አይበልጥም፣ ዕድሜው ይረዝማል፣ እጀታው ላይም ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ማቆሚያው ርቀት በአንድ ጊዜ ያጥራል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። የምታገኙት በጭብጣችሁና በጎማው መካከል ያለው ነገር ግልጽ መሆኑን ነው፤ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ዋጋው የሚታየውም እዚህ ነው። የጎማውን ቱቦ የሚመርጥ ሰው ካለ ሞተሩን ለቅርስ የሚያድስ ሰው ነው፣ እሱም ልክ ነው።

ስታዙ ሁለት ነገር አረጋግጡ። የጃፓን ሞተሮች የቱቦ ቡሎን በብዛት ኤም10 ባለ 1.25 ጥርስ ነው፤ የፍሬን ዕቃ ሠሪው ብሬምቦ ግን ባለ 1.0 ይጠቀማል። ሁለቱ መጀመሪያ ላይ የሚገጣጠሙ ይመስላሉ፣ ከዚያ ጥርሱን ይበሉታል። ሁለተኛው ርዝመቱ ነው፦ ከፍ ያለ መሪ ከተገጠመ የፋብሪካው ልክ ያጥራል። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩ፣ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስታችሁም ቱቦው እንዳልተወጠረ እዩ። በእያንዳንዱ ቡሎን ከላይና ከታች አዲስ ሮንዴላ ይገባል፤ አሮጌውን መልሶ ማሰር ርካሽ ስህተት ነው። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ቱቦው ከፈቃድ ወረቀቱ ጋር መምጣቱን አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ያለዚያ የቴክኒክ ምርመራ ላይ ትመለሳላችሁ።

ሸራ፦ ኦርጋኒክ ወይስ ሲንተርድ

ሲንተርድ ሸራ ከብረት ዱቄት በሙቀትና በግፊት የተጋገረ ነው። ከሙቀት ጋር አይከዳም፣ በዝናብ ቶሎ ይይዛል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ኦርጋኒክ ለስላሳ ነው፤ አያያዙ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ዲስኩን አይጎዳም፣ ሲግል ግን ቀድሞ ይደክማል። ብዙ ሸራዎች ጀርባ ላይ ሁለት ፊደል ይታተማል፦ ጂጂ ማለት የፍትጊያ ልኩ ከ0.45 እስከ 0.55፣ ኤችኤች ማለት ከ0.55 በላይ ነው። አንደኛው ፊደል ለቀዝቃዛ፣ ሁለተኛው ለትኩስ ነው።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ለወጡት የጃፓን ሞተሮች ኤችኤች ሲንተርድ ልክ ነው፣ ዲስኮቻቸውም ይችሉታል። ከዚያ ወደ ኋላ ስትሄዱ ግን ተጠንቀቁ። የድሮ ዱካቲ፣ ላቨርዳ ወይም ሞቶ ጉዚ ላይ ከካስት አይረን የተሠራ፣ ዝናብ ሲነካው የሚዝግ ዲስክ ካለ ኦርጋኒክ ብቻ ግጠሙ፤ ሲንተርድ ይፍቀዋል፣ ያንን ዲስክ መተካትም ቀላል አይደለም። የውድድር ሜዳ ሸራ ለከተማ የሚገዛ ሰውም ገንዘቡን ያባክናል፤ ካልጋለ አይዝም፣ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው።

አዲስ ሸራ በአሮጌ ዲስክ ላይ ሲገባ የቀድሞው ሸራ የተወው ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ አለ። በብርጭቆ ወረቀት ክብ እየሠራችሁ አንጹት፣ ከዚያ በፍሬን ማጠቢያ ጥረጉት። ማለማመጃው ከመካከለኛ ፍጥነት ደጋግሞ ለስለስ ባለ ጭብጥ ማቀዝቀዝ ነው፣ ሳይቆሙ፤ ትኩስ ሸራ በቆመ ዲስክ ላይ ተጭኖ ከቆየ አሻራውን ትቶ በኋላ እጀታው ላይ ምት ያመጣል። ብዙ "የተጣመመ" ተብሎ የሚጣል ዲስክ እንዲህ የታተመ ነው።

ዘይት የጠጣ ሸራ አይድንም። በእሳት አቃጥሎ የሚያደርቅ ባለሙያ ካያችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ካሊፐር፦ ስድስት ፒስተን፣ አራት ፒስተን፣ ወይስ ያለውን ማጠብ

የዚህ ትውልድ ትልቁ ወሬ ስድስት ፒስተን ነበር። ሱዙኪ የ1996ቱን ጂኤስኤክስ-አር 750፣ ካዋሳኪ የ1998ቱን ዜድኤክስ-9አር ባለ ስድስት ፒስተን ቶኪኮ ካሊፐር ሰጧቸው። አዲስ ሳሉ ጥሩ ነበሩ፣ በወረቀት ላይም ያማሩ ነበሩ። ግን ቁጥሩን አስቡት፦ ሁለት ካሊፐር፣ አሥራ ሁለት ፒስተን፣ እያንዳንዱ ሁለት ጎሚኒ፤ ፊት ላይ ብቻ 24 ጎሚኒ። ያማሃ በዚያው ዘመን አር1ንና አር6ን ባለ አራት ፒስተን፣ አካሉ አንድ ወጥ በሆነ ካሊፐር አወጣቸው፤ ክብ ሰማያዊ ምልክት ያለበት የሱሚቶሞ ካሊፐር እስከ ዛሬ ባገለገለ ዕቃ ገበያ ይፈለጋል። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ያደረጉት ፍርድ ነው፦ ሱዙኪ በ2000 ጂኤስኤክስ-አር 750ን፣ ካዋሳኪ በ2002 ዜድኤክስ-9አርን ወደ አራት ፒስተን መለሱ።

ያ ማለት ግን ስድስቱን ነቅሎ መጣል አለባችሁ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ክፈቱት።

ቱቦው ገና እንደታሰረ ካሊፐሩን ከፎርኬላው አውርዱና ሸራዎቹን አውጡ። ቀጭን እንጨት መካከል አስገብታችሁ እጀታውን ቀስ እያላችሁ ጨብጡ፣ አንድ ሰው ፒስተኖቹን ይመልከት። ጤነኛ ካሊፐር ላይ ሁሉም ተቀራርበው ይወጣሉ። በታመመው ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ሲወጡ ሌሎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም። የምትነዱት እንግዲህ በስም ባለ ስድስት፣ በሥራ ባለ ሦስት ፒስተን ፍሬን ነበር። የሚንቀሳቀሱትን በእንጨት ደግፋችሁ ያዙና የተጣበቁትን በእጀታው ግፊት ግፉ፤ ይህንን ቱቦውን ከፈታችሁ በኋላ ማድረግ በጣም ይከብዳል። የአየር መጭመቂያ የምትጠቀሙ ከሆነ ጣታችሁን ከፒስተኑ ፊት አርቁ፣ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው።

የወጣውን ፒስተን በብርሃን አዙሩት። ከጎሚኒው ውጭ የኖረው ወገኑ ላይ የሸራ ብናኝና ዝገት የተጋገረበት ጥቁር ቅርፊት አለ። ሸራ እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አዲስ ሸራ የሚገጥም ሰው ያን ቅርፊት ሳያጥብ ፒስተኑን በካቻቪቴ ሲገፋው ቆሻሻውን በጎሚኒው ሥር ያሳልፈዋል። በየሸራ ቅያሪው ይኼ ሲደገም ነው ካሊፐር የሚሞተው። ቅርፊቱ ታጥቦ ከሥሩ ያለው ሽፋን ለስላሳ ከሆነ ፒስተኑ ይመለሳል። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው አዲስ ይገዛል።

አሁን ጎሚኒዎቹን አውጡና የተቀመጡበትን ቦይ እዩ። ነጭ ደረቅ ዱቄት ታያላችሁ፤ አሉሚኒየሙ ዝጎ ያበጠው ነው። ጎሚኒው ዘይት ከመያዝ ሌላ ሁለተኛ ሥራ አለው፦ ፒስተኑ ሲወጣ አብሮት ይታጠፋል፣ እጀታው ሲለቀቅ ቀና ሲል ፒስተኑን በጥቂቱ ወደ ኋላ ይስበዋል። ነጩ ነገር ከጀርባው ሲያብጥ ጎሚኒውን ወደ ውስጥ ገፍቶ ፒስተኑን ያንቀዋል፤ እንዳይወጣም እንዳይመለስም ያደርገዋል። አዲስ የጎሚኒ ስብስብ ገዝቶ ይህን ቦይ ሳይፍቅ የገጠመ ሰው ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ወደ ድሮው ይመለሳል፣ ከዚያም "ካሊፐሩ ችግር አለበት" ይላል። ቦዩን ለስላሳ ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ይዛችሁ ጥጉን ድረስ ፋቁት፣ ግድግዳውን ሳትጭሩ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ማጠቢያው የፍሬን ማጠቢያ ወይም የሳሙና ውሃ ነው። ቤንዚን፣ ናፍጣና ነጭ ጋዝ በየጋራዡ እጅ ላይ ስላሉ ይቀላሉ፤ ግን ጎሚኒውን ያሳብጡታል፣ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ አይመለስም። ሲገጠም አዲስ የፍሬን ዘይት ወይም ለፍሬን ጎሚኒ የተሠራ ቀይ ግራሶ ቀቡ። ተራ ግራሶ አይነካውም።

እንግዲህ ምርጫው። የጎሚኒ ስብስብና አንድ የዕረፍት ቀን ካላችሁ፣ ፒስተኖቹም ከዳኑ፣ ማደስ ያሸንፋል፤ በደንብ የታደሰ ስድስት ፒስተን ለመንገድ ይበቃል፣ በየሸራ ቅያሪው ፒስተኖቹን ለማጠብ ግን ራሳችሁን ማስገደድ አለባችሁ። በዝናብና በጨው ክረምቱን ሙሉ የምትነዱ ከሆነ፣ ወይም ከአሥራ ሁለቱ ግማሹ የተበላ ከሆነ፣ ወደ አራት ፒስተን መሻገር ምክንያታዊ ነው። ያኔ የቡሎኖቹን ርቀት ብቻ ሳይሆን የዲስኩን ስፋት ለኩ። አር1 298 ሚሊሜትር ነበር፣ አር6 295፣ የ1996ቱ ጂኤስኤክስ-አር 750 ደግሞ 320። ቡሎኑ ገባ ማለት ሸራው ዲስኩን በትክክለኛው ቦታ ያገኘዋል ማለት አይደለም። አገልግሎ የተገዛ ካሊፐርም ያው ሃያ ዓመት የሞላው ዕቃ ነው፤ ከመግጠማችሁ በፊት እሱንም ትከፍቱታላችሁ።

ማስተር፦ የድሮው ወይስ ራዲያል

እዚህ ላይ ገንዘብ ከሁሉም በላይ ይባክናል፣ ምክንያቱም መሪው ላይ ስለሚታይ ያምራል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የማስተሩ ፒስተን ባነሰ ቁጥር በተመሳሳይ የጣት ኃይል ግፊቱ ይጨምራል፣ እጀታው ግን ረዥም መንገድ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ሁለት ዲስክ ባላቸው ሞተሮች ላይ ከተለመዱት ልኮች 14 ሚሊሜትርና 15.87 ሚሊሜትር ይገኙበታል። በቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ በስፋት ሲሰላ ግን አንዱ 154፣ ሌላው 198 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ከ15.87 ወደ 14 የወረደ ሰው ግፊቱን በ29 በመቶ ያህል ያሳድጋል፣ የእጀታው ጉዞም በዚያው ልክ ይረዝማል። "ፍሬኑ ደርቋል" ብሎ ትልቅ ማስተር የሚገዛ ሰው ችግሩን ያባብሰዋል። ካሊፐር ስትቀይሩም ይህ ሚዛን ይነካል፦ ትልልቅ ፒስተን ያለው ካሊፐር በትንሽ ማስተር ላይ እጀታውን መሪው ድረስ ሊያስገባው ይችላል።

ራዲያል ማስተር ፒስተኑ ከእጀታው እንቅስቃሴ ጋር አቅጣጫው ስለሚገጥም ፍትጊያው ያንሳል፣ ጭብጡም ይጠራል። ጽሑፉ ላይ ሁለት ቁጥር አለው፤ 19 በ18፣ 19 በ20 የሚባለው። የመጀመሪያው የፒስተኑ ስፋት፣ ሁለተኛው ከእጀታው ማጠፊያ እስከ መግፊያው ያለው ርቀት ነው። የብሬምቦ አርሲኤስ 19 በ18ና በ20 መካከል የሚቀየር ሲሆን፣ 18 ላይ ሲደረግ በተመሳሳይ የጣት ኃይል 11 በመቶ ያህል ተጨማሪ ግፊት ይሰጣል፣ ጉዞውም ይረዝማል። ስለዚህ የራዲያሉን 19 ከድሮው 15.87 ጋር በስፋት ብቻ ማወዳደር ስህተት ነው፤ እጀታቸው የጣትን ኃይል የሚያበዛበት ልክ የተለያየ ነው።

የእኔ ምርጫ? ካሊፐሩ ታጥቦ፣ ቱቦውና ሸራው ተቀይሮ፣ ዘይቱ አዲስ ሆኖም ጭብጡ ካልጣማችሁ ያኔ ራዲያል ግዙ። ከዚያ በፊት ግን የድሮውን ማስተር አድሱት። ፒስተን፣ ጎሚኒና ስፕሪንግ ያለው ስብስብ ከራዲያሉ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው። የሲሊንደሩ ውስጥ ከተጫረ ብቻ ነው ማደሱ ትርጉም የሚያጣው።

በዘይት መያዣው ወለል ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፣ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው በዓይን የማይታይ እስኪመስል ጠባብ። ጠባቡ በደረቀ ዘይት ሲደፈን ዘይት ወደ ላይ መመለስ አይችልም፣ ፍሬኑ ሲግል እየያዘ ይሄዳል። ቀጭኗን የጊታር ክር አስገብታችሁ ክፈቱት። ጠባቡን ቀዳዳ የሚዘጋ ሌላም ነገር አለ፦ ከኢንተርኔት የተገዛ ርካሽ እጀታ ልኩ ትንሽ ተዛብቶ ፒስተኑን ሁልጊዜ ገፋ ያደርገዋል። እጀታው ከመያዙ በፊት ጥቂት ባዶ ጉዞ ከሌለው ያንን ጠርጥሩ።

ዲስክ

አጭር ነው። ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ይጣላል፣ ድርድር የለውም። ተንሳፋፊ ዲስክ (ቀለበቱ ከመሃሉ ጋር በቁልፎች የተያያዘ) ከሆነ መያዣ ቁልፎቹ በጣት ሲነኩ በትንሹ መዞር አለባቸው፤ በቆሻሻ ከተያዙ ዲስኩ የተጣመመ ያህል ያስቸግራል። የአበባ ቅርጽ ያለው ዲስክ ለዓይን ነው።

ማን በምን ይጀምር

ኪሱ ለሳሳ ሰው፦ ዘይት፣ የካሊፐር እጥበት፣ ሸራ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። የሽቦ ቱቦው ቀጣዩ ደመወዝ ላይ ይምጣ፣ አሮጌው ቱቦ ግን ከተሰነጠቀ ወይም ካበጠ አይጠበቅም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ መለዋወጫው በአብዛኛው ከውጭ በሰው እጅ ስለሚመጣ አንድ ጊዜ ስታስመጡ የጎሚኒ ስብስቡን፣ ሮንዴላዎቹንና የአየር ማውጫ ቡሎኖቹን አብራችሁ አስመጡ፤ የዛገ የአየር ማውጫ ቡሎን ተሰብሮ ካሊፐር ውስጥ የቀረ ዕለት ለጥቂት ሳንቲም ዕቃ ሞተሩ ለሳምንታት ይቆማል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ በማግስቱ ይደርስላችኋል፤ የእናንተ ፈተና ከሚገባው በላይ መግዛት ነው።

ቅዳሜና እሁድ ተራራ ለሚወጣ ሰው የሽቦ ቱቦና ኤችኤች ሸራ ከታደሰ የፋብሪካ ካሊፐር ጋር ይበቃል፤ እዚያ ላይ ስታቆሙ ብዙም የጎደለ ነገር አይሰማችሁም። የውድድር ሜዳ ለሚገባ ራዲያል ማስተርና 5.1 ይጨመሩ። ለቅርስ ለሚያድስ ደግሞ ሁሉም የፋብሪካው ይሁን፣ ቱቦው ግን አዲስ።

ስለ ኋላ ፍሬን ማንም አይጠይቅም፣ የስፖርት ሞተር ላይ ሥራው ትንሽ ስለሆነ። አንድ የሚያታክት ነገር ግን አለው፦ አንዳንዱ ሞተር ላይ ካሊፐሩ ከታች ተንጠልጥሎ የአየር ማውጫው ቡሎን ወደ ምድር ያያል፣ አየሩ ደግሞ ላይ ይቀራል። ለሰዓታት ብትረግጡት አይጠነክርም። ካሊፐሩን ፍቱ፣ በሸራዎቹ መካከል የዲስኩን ውፍረት ያህል እንጨት አስገቡ፣ ቡሎኑ ወደ ላይ እንዲሆን ገልብጣችሁ ከፍ አድርጋችሁ ያዙና እንደገና አየሩን አውጡ። መልሳችሁ ከገጠማችሁ በኋላ፣ ከፊትም ከኋላም ሸራ የተነካ ከሆነ፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች ጠንከር እስኪሉ ደጋግማችሁ ያዟቸው፤ ወደ ውስጥ የተገፋ ፒስተን ሸራው ጋ እስኪደርስ የመጀመሪያዎቹ ጭብጦች ባዶ ናቸው።